ያልተመራው መንገደኛ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሰዎች ነፍሰ ጡር ሴት ሲያገኙ መጀመሪያ የሚጠይቋት ስለ ጤናዋ አይደለም። «መንገደኛሽ የት ደረሰ?» ነው የሚሏት። ዳቦ ቤት ተሰልፋ፣ ባቡር ውስጥ ቆማ፣ ታክሲ ስትጠብቅ ይጠይቋታል። እሷም ስለ ዝናብና ስለ ፀሐይ እንደምታወራ ሁሉ ቀለል አድርጋ ትመልሳለች። «ዐይኑ ጋ ደርሷል።» «አከርካሪውን ይዞ እየወረደ ነው።» «ትናንት አውራ ጣቱ ውስጥ ገባ።» ጠያቂው «እሰይ፣ እንኳን ገባ!» ይልና መንገዱን ይቀጥላል።

መንገደኛ የሚሉት የጽንሱን ነርቭ ነው። ሆድ ላይ የሚታሰረው ስስ መቀነት ውስጥ ውስጡን እያየ፣ የሚያየውን ሳሎን ግድግዳ ላይ ይዘረጋዋል። ቤተሰብ ራት ሲበላ፣ ልጆች የቤት ሥራ ሲሠሩ፣ ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ፣ ያ ብርሃናማ ክር እዚያው ግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። የክሩ ጫፍ የሕፃን መዳፍ ይመስላል። ጣቶቹን ወደ ፊት ይዘረጋል፣ የነካውን ይዳስሳል፤ የሚስማማው ነገር ካለ ይጠጋል፣ የማይስማማው ሲሆን ጣቱን ሰብስቦ በሌላ በኩል ይሞክራል።

ዘምዘም እንድሪስም የመጀመሪያዎቹን ወራት እንደ ማንኛዋም ሴት ጥያቄውን በደስታ ስትመልስ ቆየች። አራተኛው ወር ሲጋመስ ግን መልሷ «መሃል ላይ ነው» ሆነ። በማግስቱም «መሃል ላይ ነው» አለች። በሳምንቱም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ መጠየቁን ተዉት።

ዘምዘም የርቀት ሹፌር ናት። ደረቅ ወደቡ አጠገብ ባለው ሰፊ አዳራሽ ውስጥ፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ከባድ መኪኖችን ትነዳለች። ጠዋት ባቲን አልፋ ትወርዳለች፤ ምሳዋን ስትበላ መኪናዋ ሚሌ ላይ ነው፤ ሲመሽ እሷ ቤቷ ትገባለች፣ መኪናው በሌላ ሰው እጅ ይቀጥላል። አንድም ቀን የአፋርን መሬት ረግጣ አታውቅም። እያንዳንዱን ጠመዝማዛ ግን እንደ ጎረቤቷ ግቢ ታውቀዋለች።

አዳራሹ ውስጥ ካሉት ሹፌሮች አብዛኞቹ እንደ እሷ «የተመሩ» ናቸው። እናቶቻቸው ሲያረግዟቸው መሪውን መርፌ ተወግተዋል። መርፌው የጽንሱን ነርቮች በአንድ በተፈቀደ ካርታ ላይ ይዟቸው ይሄዳል። የሚሳሳት የለም፣ የሚዘገይ የለም። የተመሩ ሰዎች ቶሎ ይማራሉ፣ እንቅልፋቸው ሰላማዊ ነው፣ ነገር አያጠብቁም። ከሰዓት በኋላ፣ ምሳው ሆዳቸው ውስጥ ረጋ ሲል፣ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ያዛጋሉ። ቀልድ ሲነገርም በአንድ ጊዜ ይስቃሉ፤ በአንድ ጊዜ ያቆማሉ። ዘምዘም ይህን ልብ ብላ አታውቅም ነበር፣ አራጋው መጥቶ የሠራተኞቹን ክበብ እስከከፈተበት ቀን ድረስ።

አራጋው እዚያው ክበብ ወጥ ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። የተወለደው መርፌው ገና ባልደረሰበት ገጠር፣ ተንታ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ «ያልተመራ» ይባላል። ቀልድ ሲነገር ሁሉም ስቀው ጨርሰው ወደ ምግባቸው ከተመለሱ በኋላ፣ እሱ ከድስቱ ጀርባ ብቻውን ይስቃል። ሳቁ ረጅም ነው፤ አንዳንዴ ማማሰያውን አስቀምጦ ዐይኑን እስኪጠርግ ድረስ ይስቃል። ዘምዘም በመጀመሪያ የወደደችው ያንን ሳቅ ነው። ቆይታ ሰውየውን ወደደችው። ሲጋቡ የአዳራሹ ሰው ሁሉ ጨፈረ፤ እሱ ብቻ ምቱን ሳተ።

ስታረግዝ መርፌውን አልወሰደችም። መተው ክልክል አልነበረም፤ ግን የሚተወው ሰው አልነበረም። ለምን እንደተወችው ሲጠይቋት፣ «በራሱ ሲሄድ ልየው» ትላለች፣ በቃ።

የሚገርመው፣ መርፌውን አጥብቆ የፈለገው አራጋው ራሱ ነበር።

«እኔ ትምህርት ቤት ስገባ ለብቻዬ ነው ያስቀመጡኝ» አላት አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈ። «አይገባውም ብለው። ገብቶኝ እጄን ሳወጣ ደግሞ ጥያቄው አልፏል። ልጄን እዚያ ወንበር ላይ ማየት አልፈልግም።»

«ምን ጎደለህ አንተ? እስቲ ንገረኝ።»

«አንቺ ስላገባሽኝ ነው እንዲህ የምትይው» አለና በክንዱ ዐይኑን ጠረገ። ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ ነገር አልለየችውም።

እናቷ ወይዘሮ ከድጃ ደግሞ ከዚህ የባሰ ተቆጥተው ነበር። ኮምቦልቻ ውስጥ መርፌውን ከወሰዱት የመጀመሪያዎቹ እናቶች አንዷ እሳቸው ናቸው፤ በዚህም ይኮራሉ። «አንቺን የመራሽ መርፌ ምን አጎደለብሽ?» ይሏታል። በእርግጥ ምንም አልጎደለባትም። የቸገራትም እሱ ነው፤ ምንም እንዳልጎደለባት እያወቀች እንኳ መርፌውን አልፈለገችም።

ቢሆንም ግድግዳው ሥራውን ጀመረ፤ ቁጣው ሁሉ ተረሳ። ወይዘሮ ከድጃ የራሳቸው ሳሎን ግድግዳ ላይ ሥዕሉን አስከፍተው ጧት ማታ ይከታተሉ ጀመር። ሦስተኛው ወር እንደገባ የዐይኖቹ ነርቮች መሃል ላይ ሊገናኙ ሲቃረቡ፣ የዘምዘም ቤት በሰው ሞላ። አራጋው ሳምቡሳ ጠብሶ በትሪ እያዞረ፣ ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት ጎረቤቶች አንገታቸውን አስግገው፣ ከግራና ከቀኝ ዐይን የሚመጡትን ሁለት የክር ጭፍሮች ይመለከታሉ። ክሮቹ መሃል ላይ ደረሱ፤ ቆሙ፤ ዳሰሱ። ከዚያ ገሚሱ ወደ ማዶ ተሻገረ፣ ገሚሱ ታጥፎ ወደ መጣበት ወገን ዞረ።

«አያችሁ!» አሉ ወይዘሮ ከድጃ፣ ራሳቸው የሠሩት ይመስል ደረታቸውን ነፍተው። «ገሚሱ ተሻገረ፣ ገሚሱ ሐሳቡን ለወጠና ወደ ሰፈሩ ተመለሰ! የሰው ዐይን እንዲህ ነው። ሁለቱም ዐይን ለሁለቱም ወገን ያካፍላል።»

«ማን ነገራቸው?» አለ አራጋው ትሪውን ይዞ ቆሞ።

«ማን ይነግራቸዋል? መንገዱ ላይ ሽታው አለ። አንዱን ና ይለዋል፣ አንዱን ሂድ ይለዋል።»

አራጋው ሳምቡሳውን ረስቶ ቆሞ ቀረ። እልልታው ካለቀ በኋላ ነበር የሳቀው።

መሃሉ ላይ የተደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። የአንጎልን ግራና ቀኝ ክፍል የሚያገናኙት ነርቮች ከየወገናቸው ተነሥተው፣ መካከለኛው መስመር ድረስ ገሠገሡና ቆሙ። መቀነቱ ሥዕሉን በቀይ ከበበው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በየማለዳው፣ ዘምዘም ፊቷን ሳትታጠብ፣ የእናቶች ቢሮ በተባለው መሥሪያ ቤት ስም አንድ ለስላሳ የሴት ድምፅ ከግድግዳው ይመጣል። «እንደምን አደሩ ወይዘሮ ዘምዘም። ልጅዎ እስካሁን አልተሻገረም። መልካም ቀን ይሁንልዎ።» አራጋው ድምፁን ለማጥፋት ያልነካው ነገር አልነበረም። የሚጠፋበት ቦታ የለውም።

ቢሮው የመርፌ ቀጠሮ ያዘላት። መሃል ላይ ለቆመ መንገደኛ ሕጉ እንዲህ ነው። እናትየዋ ካልፈለገች ሐኪም ፊት ቀርባ በራሷ አፍ «አልፈልግም» ማለት አለባት።

ዘምዘምና አራጋው በቀጠሮው ቀን ክሊኒክ ሄዱ። አልጋው ተነጥፏል፣ መርፌው በትንሽ ሳህን ላይ ተቀምጧል። ዶክተር ምንያህል ጸጉራቸው የሸበተ፣ ሲያወሩ መነጽራቸውን የሚያወልቁ ሰው ናቸው። ዘምዘም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጅጌዋን ጠቅልላ ነበር። በእውነት ለመወጋት ነበር የመጣችው። ሌሊቱን ስታስብ አድራ፣ አራጋው ከሚለምናት፣ እናቷ ከሚያለቅሱ፣ ድምፁም በየጧቱ ከሚቀሰቅሳት፣ ይብቃኝ ብላ ነበር።

«ዶክተር፣ ካልተሻገረ ምን ይሆናል?» አለች።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ታጥፎ ከመስመሩ ጎን ለጎን ይሄዳል። ሁለቱ የአንጎል ክፍሎች በሌላ በኩል ዞረው ይነጋገሩ ይሆናል። እንዲያ ሆነው ደህና የሚኖሩ ሰዎች አሉ። የሚቸገሩም አሉ። ያንቺው ልጅ ከየትኞቹ እንደሚሆን ዛሬ የሚነግርሽ ሰው ቢመጣ እንዳታምኚው።»

«መርፌውን ከወሰድኩስ?»

«ይሻገራል። በካርታው መንገድ። እስካሁን በራሱ የዘረጋውን ግን መርፌው ያሟሟዋል፤ እንደገና ነው የሚጀምረው።»

«ዐይኑንም?»

«እሱንም ጭምር።»

ዘምዘም ሳህኑን አየችው። «አንዴ በቅርብ ሊያሳዩኝ ይችላሉ? እሱን፣ ጫፉን።»

ዶክተሩ ግድግዳውን አበሩና አጎሉት፣ አጎሉት፣ አንዱ ጫፍ ብቻ ክፍሉን እስኪሞላው። ቤታቸው ያለው ሥዕል ይህን ያህል አቅርቦ አያሳይም። ከሩቅ የቆመ የሚመስለው ክር ከቅርብ ሲያዩት አልቆመም። ጣቶቹ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። አንዱ ተዘርግቶ ባዶውን ይዳስስና ይሰበሰባል፤ ጎኑ ያለው ደግሞ ይወጣል። እንደገና ይሞክራል። ሌላ ቦታ ይሞክራል።

«ይህ ቆሟል ነው የሚባለው?» አለች ዘምዘም።

«መቀነቱ ቆሟል ይላል። ወደ ፊት ስላልሄደ።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ዶክተር ምንያህል በጣታቸው ሥዕሉን አመለከቱ። «እየፈለገ ነው እላለሁ። ይኼ ከፊቱ ያለው ጥቁር ክፍተት ይታይሻል? እዚያ ላይ ድልድይ የሚሠሩ ሴሎች አሉ። የሚረግጠው እነሱን ነው። እነሱ ዘግይተዋል። ገና አልተገጣጠሙም። እሱ ደርሶ እነሱን እየጠበቀ ነው።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ይደርሱለታል አላልኩሽም። ላይደርሱም ይችላሉ። መርፌውንም ከዚህ ሳምንት በኋላ ብትለምኚኝ አልሰጥሽም፤ ጊዜው ያልፋል።»

ዘምዘም ወደ አራጋው ዞረች። እሱ ግድግዳው አጠገብ ተጠግቶ ቆሞ ነበር፤ የሥዕሉ ብርሃን ግንባሩ ላይ አርፏል። አፉን ከፍቶ የሚዳስሱትን ጣቶች ይከተላል።

«አራጋው።»

«እህ?»

«ምን ልበል?»

ዶክተሩም ዘምዘምም ጠበቁት። «እኔ ጠፍቶ ነው ብዬ ነበር» አለ በመጨረሻ። «መንገድ ጠፍቶት ቆሞ የቀረ መስሎኝ። አልጠፋም እኮ ዘምዘም። እየሠራ ነው። እንዲህ የሚለፋን ልጅ ነው እንዴ ከመሃል አንሥተን እንደገና ጀምር የምንለው?» ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ግን ፈርቻለሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለች። እጅጌዋን አወረደችና ዶክተሩን አየቻቸው። «አልፈልግም።»

ወይዘሮ ከድጃ ይህን ሲሰሙ የያዙትን ሰሃን ቁጭ አድርገው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከልጃቸው ቤት ወጡ። ከዚያ በኋላ አልደወሉም። ለስላሳው ድምፅ ግን ሳያቋርጥ እየመጣ «አልተሻገረም፣ መልካም ቀን» ይላል። አዳራሹ ውስጥ የሥራ ባልደረቦቿ ሲያዩዋት በአንድ ላይ ዐይናቸውን ይሰብራሉ። መርፌው የሚሰጥበት የመጨረሻ ሳምንት አለፈ። አሁን የሚመለስ ነገር የለም። አራጋው ከወጥ ቤቱ ብቅ እያለ ያያታል፤ እሷም ራሷን ትነቀንቅለታለች፣ ገና ነው ለማለት። ሆኖም ማታ ማታ፣ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ግድግዳው ፊት ሲቀመጡ፣ የሚሰማቸው ሐዘን አልነበረም። ዶክተሩ ማጉያውን ለቤታቸው ከፍተውላቸው ነበርና ጣቶቹን ያዩአቸዋል። «አሁን በላይ በኩል ሞከረ» ይላል አራጋው። «ግትር ነው። ያንቺው ነው።» ትስቃለች። እሱም ቆይቶ ይስቃል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘምዘም ሎጊያን አልፋ ወደ ሰርዶ እየነዳች ነበር። ሙቀቱ አስፋልቱን ያንተገትገዋል፤ በግራና በቀኝ የፀሐይ ኃይል መስተዋቶች እስከ አድማስ ተዘርግተዋል። ከኋላዋ ረጅም የመኪና ሰልፍ አለ፤ አንድም ሰው ያልተሳፈረበት። ጆሮዋ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። እናቷ ናቸው።

«ዘምዘም! የት ነሽ አንቺ?»

«ሰርዶ አካባቢ። ምነው እማ? ምን ሆንሽ?»

«ምን ሰርዶ ትያለሽ! ግድግዳውን እዪው! እኔ ከዚህ ግድግዳ ዐይኔን ነቅዬ አላውቅም፣ ውኃ ልጠጣ ተነሣሁ፣ ስመለስ… ኧረ ተሻገረ! ተሻገረ እኮ ልጄ!»

ዘምዘም ሥዕሉን በስክሪኗ ጥግ ከፈተችው። ጥቁሩ ክፍተት አልነበረም። በምትኩ ስስ ሴሎች ጫፍ ለጫፍ ገጥመው፣ በላያቸው አንድ መዳፍ ተዘርግቷል። የፊተኛው ጣት ማዶውን ነክቶ ይዟል። ስታየው መዳፉ ሁሉ ተከተለው፣ ከመዳፉም ኋላ ክሩ። የተሻገረው አንዴ ከተሻገረ ወደ ኋላ አላለም። ከዚያ ሌላ መጣ፣ የመጀመሪያውን ጀርባ ይዞ። ሌላ። ሌላ። ከቀኝ በኩልም የቆሙት ተነሡ፤ ድልድዩ ላይ ከግራዎቹ ጋር ተገናኙ፣ ተላለፉ፣ እያንዳንዱ ወደ ማያውቀው ማዶ ገባ።

እግሯ ፍሬን ላይ አረፈ። መኪናው ሰርዶ በረሃ መሃል ቀጥ አለ። ከኋላ ያሉት ተራ በተራ ቆሙ።

ተቆጣጣሪው ጋሽ ሙሄ ከወንበራቸው ተነሥተው መጡ። «ዘምዘም፣ መስመር ዘግተሽ እኮ ነው! ምን አጋጠመሽ?» ብለው ስክሪኑን አዩ። ሥዕሉን አዩ። እጃቸው አፋቸው ላይ ሄደ። «ውይ!» አሉ። «ውይ፣ ውይ፣ ውይ! ኑ እስቲ እዩ! የዘምዘም መንገደኛ ተሻገረ!»

ሹፌሮቹ ወንበራቸውን እየገፉ ተነሡ። አራጋው ማማሰያ እንደያዘ ከወጥ ቤት ሮጦ ወጣ፤ ሽሮው ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ በሰው መሃል ተሹለክልኮ ደረሰ። አየ። «ሁሉም?» አለ።

«ሁሉም እየመጡ ነው» አለችው፣ ጉንጯ በእንባ ርሶ። ማማሰያውን ወረወረና አቀፋት፤ እንደ ልጅ እየዘለለ፣ እሷንም ወንበሯንም እያወዛወዘ። ወይዘሮ ከድጃ በስልኩ ውስጥ እልልታቸውን ያቀልጡታል።

የመጀመሪያውን ክላክስ ማን እንደተጫነ አልታወቀም። አንዱ ሹፌር ወደ ወንበሩ ተመልሶ ባቲ ቁልቁለት ላይ ያለ መኪናውን አስጮኸው። ሌላው ሚሌ ድልድይ ላይ ተቀበለው። ከዚያ ዲችዮቶ፣ ከዚያ ጋላፊ። ለአንዴም ቢሆን በአንድ ላይ አልነበረም፤ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል፣ አንዱ ያረዝመዋል። ሰው ያልተሳፈረባቸው መኪኖች ከኮምቦልቻ ተራሮች እስከ ድንበሩ ድረስ በባዶው በረሃ ላይ ይጮኻሉ።

ሰርዶ ላይ መስተዋቶቹን የሚያጥብ አንድ የአፋር ሰው፣ ሐንፈሬ የሚባል፣ መጥረጊያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ቆመው ሰልፍ እየሮጠ መጣ። የፊተኛውን መኪና በር አንኳኳ። ወደ ውስጥ ሲያይ ወንበሩ ባዶ ነው።

«ማነው እዚህ? ምን ሆናችሁ? እሳት ተነሣ?»

ዘምዘም የመኪናውን ድምፅ ማጉያ ከፈተች። «አይደለም ወንድሜ፣ ደስታ ነው! ልጄ ተሻገረ!»

ሐንፈሬ ዙሪያውን አየ። «በየት በኩል? እኔ ማንንም አላየሁም።»

«ሆዴ ውስጥ ነው። ገና አልተወለደም። ከግራ ወደ ቀኝ ተሻገረ።»

ሰውየው ባዶውን ወንበር ትኩር ብሎ አየና አሰበበት። ከኋላ እስከ ሩቁ ድረስ መኪኖቹ ይጮኻሉ።

«ማን አሻገረው?»

«ማንም። በራሱ ፈልጎ አገኘው።»

የሐንፈሬ ፊት በሳቅ በራ። መጥረጊያውን መሬት ላይ ጣለ፣ ራሱ ላይ የጠመጠመውን ሻሽ ፈትቶ ወደ ላይ አነሣና ለሰልፉ ሁሉ አውለበለበ።

«እንግዲያው አታቁሙ!» አለ እየጮኸ። «ንፉት! እዚህ የሚሰማ ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለ ሁሉም ሰው እኔ እሰማላችኋለሁ!»

ዘምዘም ክላክሷን ተጫነች፤ አራጋውም እጁን በእጇ ላይ ደርቦ አብሯት ተጫነ።